በደሴ የተሰጠው የሳይንስ ተግባቦት ሥልጠና ምን ያህል ይጠቅማል?

በደሴ አንድ ሆቴል አዳራሽ ለመምህራንና ለተመራማሪዎች የተሰጠው፣ የጥናት ውጤትን ለፖሊሲ አውጪዎች፣ ለጋዜጠኞችና ለሕዝብ ስለማድረስ የሚያስተምረው ሥልጠና፣ ከፍለውም ቢሆን ሊወስዱት የሚገባ ነው፤ ይህን የምለው ከሁሉ በላይ በቃለ መጠይቅ ልምምዱ ምክንያት ነው።

አሠልጣኟ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ሆና ስለ መሬት መንሸራተት ጠየቀች። ጦሳ ተራራ ሥር ለተቆረቆረችው ደሴ ይህ የመማሪያ ምሳሌ ብቻ አይደለም። አንድ ወጣት መምህር የዳገቱ ሴፍቲ ፋክተር (አፈሩን የሚይዘው ኃይል ወደ ታች ከሚገፋው ጋር ሲነጻጸር፤ ከ1 ካነሰ ዳገቱ ይንሸራተታል) ከ1 በታች ሊወርድ እንደሚችል ሲያብራራ፣ «ታዲያ ዶክተር፣ ዛሬ ማታ ቤቴ ልደር ወይስ ልውጣ?» አለችው። ደጋግሞ ከሞከረ በኋላ፣ «ዝናቡ ሳያባራ ከሰነበተ፣ ግድግዳው አዲስ ስንጥቅ ካወጣ፣ በሩ አልገጥም ካለ ወይም ከዳገቱ ሥር አዲስ ውሃ ከመነጨ፣ ቤተሰብዎን ይዘው ይውጡ፤ ለቀበሌም ያሳውቁ» አለ። ሰው የሚጠብቀው መልስ ይህ ነው።

የጣሊያኗ ላኲላም በምሳሌነት መነሣቷ ተገቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ከ300 በላይ ሰዎችን ከገደለው የመሬት መንቀጥቀጥ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ አንድ ባለሥልጣን ለጋዜጠኞች የሚያረጋጋ ቃል ሰጥቶ ነበር፤ በ2012 ለነዋሪዎች ሞት ተጠያቂ ተብለው ከእርሱ ጋር የተፈረደባቸው ስድስት ሳይንቲስቶች ነጻ የወጡት በ2014 በይግባኝ ነው።

ስለ ፖሊሲ አውጪዎች የቀረበው ክፍል ግን ደካማ ነው። አጭር ማጠቃለያ እንዴት እንደሚጻፍ ተነገረን እንጂ መቼና ለማን እንደሚሰጥ አልተነገረንም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ስለዚህ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ወይም የድጋፍ ግንብ የሚጠይቅ ጥናት ዕቅድ በሚዘጋጅበት ወቅት ከተማ አስተዳደሩ ጠረጴዛ ላይ ካልደረሰ፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ የሚቀርብ ወረቀት ለዚያ ዓመት ነዋሪ አይደርስለትም። ከኮምቦልቻ የመጡ ተሳታፊዎችም ቦርከና ወንዝ ስለሚገባው የፋብሪካ ፍሳሽ ጠንካራ ጥያቄ አንሥተው ነበር፦ ውጤቱ በቅድሚያ ሊነገር የሚገባው ለፋብሪካው ነው፣ ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ወይስ በወንዙ ለሚያጠጣው ገበሬ? ጥያቄው በ«ጊዜ የለንም» ታለፈ፤ ይህ ለእኔ የሥልጠናው ትልቁ ጉድለት ነው።

ስለ ሕዝብ በተሰጠው ክፍልም አንድ ነዋሪ እንኳ አልተጋበዘም። በቀጣዩ ዙር ዳገት ላይ ያሉ ሰፈሮች የቅሬ (የዕድር) መሪዎች ተጠርተው ተመራማሪዎቹን ራሳቸው ቢጠይቋቸው፣ ልምምዱ እጅግ ይጠነክራል። ለመመዝገብ የምታስቡ ሁሉ የራሳችሁን ጥናት በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፋችሁ ሂዱ።