«ኦቨርኩክድ 2» ለጎንደር ጌም ቤት ውድድር፦ ጌሙ ይመቻል፣ ኮከቦቹን ግን አትቁጠሩ

ጎንደር ውስጥ የጌም ቤት ውድድር ሲባል ከፒያሳ እስከ ማራኪ የሚታሰበው የእግር ኳስ ጌም ነው። ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ አንዱ ያሸንፋል፣ ተረኛው ይገባል፤ ዳኛም ብዙ አያስፈልግም። የትብብር ውድድር ግን ከባድ ጥያቄ አለው፦ ጠዋት የተጫወተ ቡድን ከሰዓት ከተጫወተው ጋር በምን ይለካል? በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ለዚህ የምንመርጠው ጌም «ኦቨርኩክድ 2» ነው። ጎስት ታውን ጌምስ እና ቲም 17 በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሲሆን፣ አንድ ስክሪን ላይ እስከ 4 ሰው ያጫውታል።

ተጫዋቾቹ የአንድ ወጥ ቤት ሼፎች ናቸው። ትዕዛዝ በግራ በኩል ከላይ ይመጣል፤ ይከተፋል፣ ይበስላል፣ ሳህን ላይ ይደረጋል፣ ይወጣል፣ ሳህኑም ይታጠባል። ትዕዛዙ በሥዕል ስለሆነ እንግሊዝኛ የማያነብ ልጅም አይቸገርም። ለውድድር የሚያበቃው ዋናው ነገር የጉርሻ (የተጨማሪ ነጥብ) አሠራሩ ነው። ትዕዛዞቹን በመጡበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያወጣ ቡድን ጉርሻው እስከ 4 እጥፍ ያድግለታል፤ ተራውን ከዘለለ ወይም አንድ ትዕዛዝ ጊዜው ካለፈበት ያ እጥፍ ይጠፋል። ስለዚህ እጁ ፈጣን የሆነ አንድ ልጅ ብቻውን ቡድኑን አይሸከምም፤ እየተነጋገሩ የሚሠሩት ይበልጡታል። የትብብር ውድድር ማለት ይኼ ነው።

ጌሙ በየደረጃው መጨረሻ ኮከብ ይሰጣል። በኮከብ አታወዳድሩ። ጥሩ ቡድኖች ሁሉ 3 ኮከብ ይሞላሉና ግማሹ ተወዳዳሪ እኩል ይወጣል። የኮከቡ መስፈርትም በተጫዋች ቁጥር ስለሚለያይ የ2 ሰው ቡድንና የ4 ሰው ቡድን በአንድ ምድብ ማሰለፍ ትርጉም የለውም።

ነጥቡን እንዳለ መደመርም ያሳስታል፤ አዘጋጆች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሰላጣ የሚሠራበት ደረጃ ከ400 እስከ 600፣ ብዙ ጥሬ ዕቃ የሚፈልግ ምግብ ያለበት ደረጃ ደግሞ ከ1,000 እስከ 1,500 ያስገኛል እንበል። ሲደመር ሁለተኛው ብቻውን ውድድሩን ይወስናል፤ በመጀመሪያው የተለፋው ከንቱ ይቀራል። መፍትሔው ለየደረጃው የዕለቱን ከፍተኛ ውጤት 100 ማድረግና ሌላውን በዚያ ማስላት ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ከፍተኛው 600 ከሆነ 480 ያመጣ ቡድን 80 ያገኛል፤ በሁለተኛው ከፍተኛው 1,500 ከሆነ 1,200 ያመጣም 80 ያገኛል። ሁለቱ ደረጃዎች እኩል ክብደት ያዙ ማለት ነው። አንድ ጣጣ አለው፦ የመጨረሻው ቡድን ተጫውቶ እስኪጨርስ የሁሉም ውጤት ሊቀያየር ይችላል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ጥሬው ነጥብ ብቻ ይሁን፤ ማን እንደሚመራ መሃል ላይ ከተነገረ በኋላ ቢገለበጥ ጭቅጭቁ አይበርድም።

የውጤት ገጹ የወጡ ትዕዛዞችን፣ ጉርሻውን፣ ያመለጡ ትዕዛዞችንና ድምሩን ለየብቻ ያሳያል። ዳኛው ቁልፍ ከመነካቱ በፊት በስልኩ ፎቶ ያንሳው። ሁለት ቡድን እኩል ቢመጣ ያመለጠው ትዕዛዝ ያነሰው ይለፍ፤ አሁንም እኩል ከሆኑ አንድ ደረጃ ይደገም።

ሰዓቱ ላይ የተደበቀ ቀዳዳ አለ። በጌሙ የታሪክ ክፍል (ስቶሪ ሞድ) ደረጃዎች ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው የመጀመሪያው ሳህን ሲወጣ ነው። ይህን የሚያውቅ ቡድን ምንም ሳያወጣ ሁሉን ከትፎ፣ ድስቱን ሁሉ ሞልቶ፣ ሳህን ደርድሮ ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ዳኛው በስልኩ ሰዓት ይያዝ፦ ደረጃው ከተከፈተ በ60 ሴኮንድ ውስጥ የመጀመሪያው ሳህን ካልወጣ ሙከራው እንደገና ይጀመር፣ ሲደገም ይሰረዝ። ጨዋታ ማቆሚያውን ተጭኖ መመካከርም እንደዚሁ ይከልከል።

ትዕዛዞቹ በየጊዜው ተቀያይረው ስለሚመጡ ዕድል ድርሻ አለው። አንዱ ቀላል ቀላሉ ይደርሰዋል፣ ሌላው ከባዱ። ለእያንዳንዱ ቡድን በየደረጃው ሁለት ሙከራ ሰጥታችሁ የተሻለውን ያዙ። ይህ ግን ጊዜ ይበላል፦ 8 ቡድን፣ 3 ደረጃ፣ 2 ሙከራ 48 ጨዋታ ነው። ከመቀያየሩ ጋር ለአንዱ 8 ደቂቃ ብትመድቡ 6 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሆናል፤ በሁለት ማሽን 3 ሰዓት ከ12። ከ8 ቡድን በላይ በአንድ ማሽን አትሞክሩት።

ለአብዛኞቹ ጌም ቤቶቻችን የ2 ሰው ቡድን ይበቃል። 4 ሼፍ በ32 ኢንች ቴሌቪዥን ሲጨናነቅ ማን የት እንዳለ አይለይም። ለሁለት ቡድን ፍልሚያ የተሠራው ክፍል ለተመልካች ደስ ይላል፤ 4 ደህና ጆይስቲክ ስለሚጠይቅ ለፍጻሜው ማሟሻ ብቻ ይቅር።

ጆይስቲኩ ላይ ጠንቀቅ በሉ። በእግር ኳስ ጌም ብዛት ያረጀ የጆይስቲክ ዘንግ ሳይነካ ወደ ጎን ይስባል፤ ሼፉ መክተፊያው ጋ አይቆምም፣ የተወረወረውም ቲማቲም አቅጣጫውን ይስታል። ከዙሩ በፊት ማንም ሳይነካው ሼፉ ቆሞ መቅረቱን እዩ። ማሽኖች ተደርድረው ባሉበት ቤት ደግሞ ከጎረቤት ማሽን ጋር የተጣመረ ጆይስቲክ ሲጫኑት የራሱን ማሽን ይከፍታል፤ በባለ ቀለም ፕላስተር ምልክት አድርጉባቸው። አሮጌ ቴሌቪዥን ጠርዙን ከቆረጠው ትዕዛዙም ሰዓቱም ይደበቃል፤ ከማሽኑ ሴቲንግ የስክሪኑን ስፋት አስተካክሉ።

መብራትን በተመለከተ፣ ባትሪው ደህና የሆነ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባለባትሪ መሣሪያ) ማሽኑንና ቴሌቪዥኑን ይዞ የተጀመረውን ዙር ያስጨርሳል። ከሌለ ሕጉ አስቀድሞ ይነገር፦ የተቋረጠው ሙከራ ብቻ ከዜሮ ይደገማል። ቀኑን ስትመርጡ ጥምቀትንና ትልልቅ የኳስ ጨዋታ ያለበትን ምሽት ዝለሉ። ተጫዋቾቹ መደማመጥ አለባቸው፤ ጎን ለጎን ጎል እየተጮኸ አይሆንም።

ሲገዛ ዲስኩ ይሻላል፣ ከማሽን ማሽን ይዞራልና። ደረጃዎቹ በኮከብ ስለሚከፈቱ የምትፈልጓቸውን ቀድማችሁ በየማሽኑ ክፈቱ፤ የአንዱ አካውንት ሴቭ በሌላ አካውንት አይሠራም። «ኦቨርኩክድ! ኦል ዩ ካን ኢት» የተባለው እትም የመጀመሪያውን «ኦቨርኩክድ»ና ይህን ሁለተኛውን አንድ ላይ ይዟል፤ ለፕሌይስቴሽን 4 የደረሰው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። በይዘት ይበልጣል፣ ግን ሰዓት የሚያረዝም የእገዛ ምርጫ አለው። ያንን ከገዛችሁ ዳኛው በእያንዳንዱ ቡድን ተራ ሴቲንጉን ከፍቶ እገዛው መጥፋቱን ያረጋግጥ።