ለእናታችን የትኛው ይሻላል? ሦስቱ የአጥንት መሳሳት መድኃኒቶች

እናቴ የአጥንት መሳሳት እንዳለባት ሲነገራት ሦስት ምርጫ ቀረበልን። አሌንድሮኔት በየሳምንቱ የሚዋጥ ክኒን ነው። ዞሌድሮኒክ አሲድ በዓመት አንዴ እንደ ግሉኮስ በደም ሥር ይንጠባጠባል። ዴኖሱማብ፣ ብዙዎች ፕሮሊያ የሚሉት፣ በየስድስት ወሩ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ሦስቱም ስብራትን ይቀንሳሉ። ልዩነታቸው የሚጎላው ዓመታት ሲያልፉ፣ በተለይ ደግሞ መድኃኒቶቹ ሲቋረጡ ነው።

በክኒኑ ጀመርን፤ ርካሽ ነው። ግን ሥርዓት ይፈልጋል። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ተራ ውሃ ይዋጣል። አምቦ ውሃ አይሆንም። በቡና ከተወሰደ ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን በ60 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከዋጡ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጋደም ማለት የለም። እናቴ አንድ ቀን ክኒኑን ውጣ፣ ጋቢዋን ተከናንባ ተመልሳ ተኛች። ሁለት ቀን ሙሉ ምራቋን በዋጠች ቁጥር ደረቷን ትይዝ ነበር። የምግብ ቧንቧ ችግር ላለበት ሰው ይህን ክኒን አልመርጥም።

ዞሌድሮኒክ አሲድ ከዚህ ሁሉ ይገላግላል። ከመጀመሪያው በኋላ ጥቂት ቀን ትኩሳትና ቁርጥማት ሊኖር ይችላል። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ግን አይወስደውም።

እነዚህ ሁለቱ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ። ስለዚህ የስብራት ስጋቱ ዝቅ ያለ ሰው ክኒኑን 5 ዓመት፣ የደም ሥሩን 3 ዓመት ከወሰደ በኋላ ሐኪሙ ሊያሳርፈው ይችላል። ዴኖሱማብ እንዲህ አይደለም። ቀጠሮው ሲያልፍ ያጠራቀመው ጥንካሬ ቶሎ ይሟሽሻል፤ የአከርካሪ አጥንቶች በአንዴ ሊሰበሩ ይችላሉ። ማቆም ካስፈለገም ሌላ መድኃኒት መተካት አለበት። አሜሪካ ያለን ልጆች ይህን ልብ እንበል፤ እናቶቻችን ለፋሲካ ብለው አገር ቤት ሄደው ስምንት ወር ይቆያሉ። የኩላሊት እጥበት ላይ ላለ ሰው ደግሞ የደም ካልሲየምን ክፉኛ ሊያወርድ ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ ያወጣው ለዚህ ነው።

በሦስቱም ላይ አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንት መሞትና ያለ ብዙ ምክንያት የጭን አጥንት መሰበር ይታያል። ጭን ወይም ብሽሽት ላይ የማይለቅ ሕመም ካለ ሳይዘገዩ ለሐኪም ይንገሩ።

እናቴ የዓመቱን ግማሽ ጎንደር ስለምትሆን በዓመት አንዴ የሚሰጠውን ዞሌድሮኒክ አሲድ መረጥን። ከዚያ በፊት ግን ጥርሷን አስመረመርን። መነቀል የነበረበት አንድ መንጋጋ ጥርስ ተገኘባትና ተነቅሎ ቁስሉ እስኪድን ጠበቅን።