ኮምቦልቻ ላይ ለፈረሴ ያሰፋሁት ልብስ

ክረምት ገብቶ ቦርከና ዳር ውሃ ሲተኛ ዳማ ፈረሴን ማሳከክ ይጀምረዋል። ጋማውን ከጋጣው ቋሚ እንጨት ላይ እየፈተገ ይመልጠዋል፤ የጅራቱ ሥር ይቆስልና ቅርፊት ይይዛል። ሰፈሩ እከክ ነው አለ። የእንስሳት ሐኪሙ ግን ቆዳውን ፍቆ መረመረና የትንኝ አለርጂ መሆኑን ነገረኝ። ትንኟ በጣም ደቃቅ ናት፤ ምራቋን የአንዳንድ ፈረስ ሰውነት አይችለውም። የጎረቤቴ ፈረስ እዚያው ጎን ታስሮ ምንም አይሆንም።

የዴክሳሜታዞን መርፌ ማሳከኩን ያበርዳል። ሲደጋገም ግን ለሰኮና ሕመም ሊዳርግ ስለሚችል ሐኪሙ ዋናው መከላከሉ ነው አለ።

አጎበር እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም፤ ቀዳዳው ለቢንቢ እንጂ ለዚህች ትንኝ ጠባብ አይደለም። ስለዚህ አቡጀዲ ገዝቼ ገበያው ዳር ወዳለው ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ሰውዬው ለፈረስ ሰፍቶ አያውቅም። «አብሽር፣ ግላስ የለበሰ ፈረስ እያየሁ ነው ያደግሁት» አለኝና ሜትሩን ይዞ ጋጣ ድረስ መጣ።

ሥራውን በጣም ወድጄዋለሁ። ከጆሮው ሥር እስከ ጅራቱ ይሸፍናል፤ ትንኟ የምትወደውን ሆዱንም አልረሳም። ጫንቃው ላይ ስፌቱን ወደ ውጭ ገልብጦታል። ወደ ውስጥ ቢሆን ፈረሱ በተራመደ ቁጥር ይልጠው ነበር። ይህን ማንም አልነገረውም፤ እጁን በቆዳው ላይ እያስኬደ ራሱ ነው ያሰበው።

ጉድለት አለው። የኋላ እግር ማሰሪያው ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ተበጠሰ። ዝናብ ሲመታው ደግሞ ቶሎ አይደርቅም፣ ስለዚህ ቅያሪ ያስፈልጋል። በኮምቦልቻ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ማልበስም አይቻልም፤ ያልበዋል። ደግነቱ ትንኟ የምትበረታው ማታና ንጋት ላይ ነው። ከ11 ሰዓት በፊት አለብሰዋለሁ፣ ጠዋት ፀሐይ ጠንከር ስትል አወልቅለታለሁ።

ፋንድያውንና ጭቃውን ከጋጣው ዙሪያ መጥረግ አይቀርም፤ ትንኟ የምትራባው እንዲህ ያለ እርጥበት ውስጥ ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታን የምታስተላልፈውም የዚችው ትንኝ ወገን ናት፣ ስለዚህ ልብስ አለው ብላችሁ ክትባቱን እንዳትተዉ።

አሁን ቁስሉ ደርቋል፣ መርፌም አላስፈለገውም። ቅያሪውን እዚያው አዝዣለሁ፤ ማሰሪያው በወፍራም ሸራ፣ ድርብ ስፌት ይሁን ብያለሁ።