የስፖንጅቦብን ሰባተኛ ሲዝን ለልጆቻችሁ ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ ወላጆች፣ ስፖንጅቦብ ስኩዌርፓንትስ የተባለውን ካርቱን ሰባተኛ ሲዝን ለልጆቻችሁ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት በውስጡ «ዋን ኮርስ ሚል» የተሰኘ ክፍል እንዳለ እንድታውቁ እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ለመጀመሪያ ጊዜ የተላለፈው ይህ ክፍል ርዝመቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ገደማ ቢሆንም፣ በሕይወቱ ተስፋ የቆረጠን ፍጡር መሳቂያ የሚያደርግ ነው። እኔ ሲዝኑን በሙሉ የገዛሁት ከአንድ የኢንተርኔት ቪዲዮ መሸጫ ሲሆን፣ በመግለጫው ላይ ለመላው ቤተሰብ የሚሆን መዝናኛ ነው ከሚል ማሞገሻ በቀር ይህን የሚጠቁም አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈበትም።

ካርቱኑን የሚያውቁ ሁሉ እንደሚያስታውሱት፣ ሚስተር ክራብስ የተባለው ሸርጣን የምግብ ቤት ባለቤት ነው፤ ተፎካካሪው ፕላንክተን ደግሞ ክራቢ ፓቲ የተባለውን የምግብ ቤቱን ዝነኛ በርገር የአሠራር ምስጢር ለመስረቅ ዘወትር የሚያደባ፣ በዓይን ለመታየት እንኳ የሚያስቸግር ትንሽ ፍጡር ነው። በዚህ ክፍል ፕላንክተን የሚስተር ክራብስን ልጅ ፐርልን ሲያይ በድንጋጤ ይሸሻል፤ ፐርል ዓሣ ነባሪ ናት፤ አንዳንድ ዓሣ ነባሪዎች ደግሞ ፕላንክተን የሚባሉትን ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ይመገባሉና። እስከዚህ ድረስ ምንም ክፋት የለውም። ሚስተር ክራብስ ግን የጠላቱን ደካማ ጎን እንዳወቀ ልጁን መስሎ የዓሣ ነባሪ ልብስ ይለብስና ፕላንክተንን በሄደበት ሁሉ እየተከተለ ማስፈራራት ይጀምራል። ምስጢሩን ለማስጠበቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ ማባረሩ በበቃ ነበር፤ እርሱ ግን ሰውዬው ሲንቀጠቀጥ በማየት ይደሰታል፣ ታሪኩም ተመልካቹ አብሮት እንዲደሰት ይጋብዛል።

ከሁሉ የከፋው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ፕላንክተን ፍርሃቱን መቋቋም ሲያቅተው ወጥቶ መኪና መንገድ ላይ ይጋደማል፤ የሚጠብቀው አንዱ መጥቶ እንዲድጠው ነው። ይህ ትዕይንት የቀረበው እንደ ቀልድ ነው። የስድስት ዓመቱ ልጄ አልሳቀም፤ ወደ እኔ ዞሮ «እማዬ፣ ለምን አይነሳም? መኪና ይገጨዋል እኮ» አለኝ። ለዚህ ዕድሜ የሚመጥን መልስ ማግኘት ለማንኛችንም ቀላል አይደለም፤ ለልጆች ተብሎ የተሸጠ ካርቱንም ወላጅን እንዲህ ላለ ጥያቄ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊዳርገው አይገባም። እውነት ነው፣ የሚስተር ክራብስ ምግብ አብሳይ የሆነው ስፖንጅቦብ አዝኖለት የሚያስፈራራው ሚስተር ክራብስ መሆኑን ይነግረዋል፤ በመጨረሻም ሚስተር ክራብስ በተራው በሚፈራው ነገር እንዲደነግጥ ይደረጋል። ይሁንና ይህ ብድር መመለስ እንጂ ሌላ ምንም አይደለም፤ ይቅርታ የሚጠይቅም ሆነ በደሉን በደል ብሎ የሚጠራ የለም።

ይህን የምጽፈው ካርቱኑን ጠልቼ አይደለም። የካርቱኑ ፈጣሪ እስቲቨን ሂለንበርግ የባሕር ሥነ ሕይወት መምህር የነበረ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ይህ ተከታታይም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለልጅም ለዐዋቂም የሚጥም ነበር። በእነዚያ ክፍሎች ፕላንክተን የሚቀጣው በገዛ ስግብግብነቱ ነው፤ ራሱ የሸረበው ተንኮል በራሱ ላይ ሲወድቅ እናያለን፤ ልጆችም የሚስቁት ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ሲዝን «ፈን» በተሰኘው ክፍል ስፖንጅቦብ ይህንኑ ፕላንክተንን ወዳጅ ለማድረግ ይሞክራል፤ ሙከራው ባይሳካም ክፉ ለሚባለው እንኳ እጅን መዘርጋት እንደሚቻል ያሳያል። ሂለንበርግ እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው የሲኒማ ፊልም በኋላ የተከታታዩን የዕለት ተዕለት አመራር ለሌሎች አስረከበ። «ዋን ኮርስ ሚል» ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው፤ በውስጡም በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ የወደቀውን ደጋግሞ መምታት የቀልዱ ዋና ምንጭ ሆኗል። ሌላው ያሳዘነኝ፣ ፐርል የተሳለችው ስፐርም ዌል የሚባለውን ዓሣ ነባሪ ተመስላ መሆኗ ነው። የዚህ ዝርያ ዋና ምግብ ስኩዊድ የተባለው የባሕር እንስሳ እንጂ ፕላንክተን ስላልሆነ፣ በባሕር መምህር ለተመሠረተ ካርቱን ይህን ማገናዘብ ባልከበደ ነበር።

ስለ ግዢው ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ያየሁትን ጠቅሼ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ሻጩን ብጠይቅም፣ ቪዲዮው አንድ ጊዜ ከተከፈተ ክፍያ አይመለስም የሚል አጭር መልስ ብቻ ነው የደረሰኝ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የመመለሻ ደንቡን አንብቡ፤ ክፍሎቹን በተናጠል የሚሸጥ ካገኛችሁም ሙሉውን ሲዝን አትግዙ። ስፖንጅቦብ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አጫጭር ታሪኮች በአንድ ላይ ተጣምረው የሚቀርብበት ስለሆነ፣ የምትፈልጉትን ታሪክ ስትገዙ የማትፈልጉት አብሮ ሊመጣ እንደሚችልም አትርሱ። ሲዝኑን አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ቀጣዩ ክፍል በራሱ እንዳይጀምር የሚያደርገውን ምርጫ ከቅንብሩ ውስጥ አጥፉ፤ ይህንንም ክፍል ልጆቹ ሳይኖሩ ለብቻችሁ ተመልከቱት። ገና ያልገዛችሁ ግን ገንዘባችሁን ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ባሉት ሲዝኖች ላይ ብታውሉት ይሻላል።