ጅማዎች፣ “ትልቅ ጎማ ነዳጅ ይቆጥባል” ለሚላችሁ ነጋዴ ጆሮ እንዳትሰጡ

ጅማ ያላችሁ ባለመኪናዎች ይቺን አንብቧት፣ በተለይ ክረምቱ ሳይጠነክር ጎማ ልቀይር ያላችሁ። እኔ ተሸውጃለሁ፣ ብሩም አይመለስም፣ እናንተ ግን ትተርፋላችሁ።

መኪናዬ የድሮዋ ራቭፎር ናት፣ የጎማዋ ልክ 215/70 በ16። የጎማው ጥርስ አልቆ ሰቃ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ሁለቴ ስትንሸራተትብኝ መርካቶ አካባቢ አንድ ጎማ ቤት ገባሁ፣ ስሙን አልጠራም ጸብ አልፈልግም። በሷ ልክ የለም አለኝ። “ኦቦሌሳ ይሄን ውሰድ፣ 225/75 ነው፣ መኪናህን ከፍ ያደርግልሃል፣ ደግሞ ትልቅ ጎማ አንዴ ሲዞር ብዙ ስለሚሄድ ሞተሩ አይለፋም፣ ነዳጅ ይቆጥብልሃል።” ሲያወራው ልክ ይመስላል እኮ! እኔም ጅሉ አራቱንም አስገጠምኩ፣ ጎሚስታው ራሱ “ይሄ የፒክአፕ አይደል እንዴ” እያለ እየሰማሁት።

የመጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር አልዋሽም፣ መኪናዋ ደረቷን የነፋች መሰለች። መሪውን እስከ መጨረሻ ሳዞር ፓራፋንጎው ጋ ኽርርር ይላል፣ ይለምዳል ብዬ ተውኩት (ጎማ ምን ይለምዳል)።

ከዛ አዲስ አበባ ወጣሁ። ይሄን መንገድ በደንብ አውቀዋለሁ፣ ከቤቴ እህቴ ቤት ድረስ በቆጣሪዬ 350 ኪሎሜትር ነው፣ ሞልቼ ተነስቼ እዛ ስደርስ መልሼ ስሞላ 35 ሊትር ይገባል፣ በቃ በሊትር 10 ኪሎሜትር። አሁን ስደርስ ቆጣሪው 333 ይላል፣ መንገዱ አጠረ እንዴ ብዬ ሳቅኩ። ማደያ ገብቼ ስሞላ ግን 39 ሊትር ገባ፣ ሳቁም እዛው ቀረ። የጊቤን ዳገት ራሱ ድሮ በአራተኛ ማርሽ ከምወጣው ብዙውን በሦስተኛ ነው እያቃሰተች የወጣችው።

ተመልሼ ስነግረው ጎማውን የሸጠልኝ ሰውዬ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ “ቆጣሪህ ነው የሚዋሸው፣ ነዳጁስ አልጨመረም”። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው አፉን የሚይዘው፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 215 ማለት የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፣ 70 ደግሞ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 70 ፐርሰንት ነው ማለት ነው፣ 16 የቸርኬው ኢንች። ስለዚህ ጎኑ 150.5፣ ከላይና ከታች ስለሆነ ሁለቴ 301፣ ቸርኬው 16 ኢንች ማለት 406፣ ድምር 707 ሚሊሜትር። አዲሱ በዚሁ ስሌት 744 ይመጣል፣ ከ5 ፐርሰንት ትንሽ ይበልጣል። ቆጣሪው የሚያውቀው የድሮውን ጎማ ዙር ብቻ ስለሆነ 350ውን 333 ብሎ ያነባል፣ ድሮ 80 ይለው የነበረውን ፍጥነት አሁን 76 ነው የሚለው፣ ትራፊክ ራዳር ይዞ ቢያቆማችሁ በዳሽቦርዱ አትከራከሩ።

እና ዝም ብላችሁ 333ን ለ39 ብታካፍሉ 8.5 ይወጣና በጣም ትደነግጣላችሁ። እሱ የተጋነነ ነው። ትክክለኛው 350ን ለ39 ማካፈል ነው፣ 9 ገደማ። ማለትም የሄድኩት መንገድ ያው ሆኖ 4 ሊትር ጨምሬያለሁ፣ ይሄ ደግሞ የቆጣሪ ውሸት አይደለም፣ ከኪሴ የወጣ ቤንዚን ነው። አንድ ጉዞ ነው፣ ንፋስም ጭነትም ሊኖርበት ይችላል ብዬ ስመለስም ለካሁት፣ ያው ነው።

ለምን ጨመረ? አንደኛ ክብደቱ። አጋሮ የዘመዴ መጋዘን ቡና የሚመዘንበት ሚዛን ላይ አሮጌውንና አዲሱን ያለቸርኬ አወጣናቸው፣ አዲሱ በ4 ኪሎ ይበልጣል፣ በአራት ጎማ 16 ኪሎ፣ ያውም ዝም ብሎ የተጫነ ሳይሆን በቆማችሁ በተነሳችሁ ቁጥር ማሽከርከር ያለባችሁ 16 ኪሎ። አሮጌው ስላለቀ ትንሽ ይቀለዋል እሺ፣ ግን ጎኑ ላይ ሲ የሚል ፊደል ያለበት የጭነት ጎማ ስለሆነ ወፍራም ነው። ጥርሱም ትላልቅ ነው፣ አስፋልት ላይ ሲጮህ የምትሰሙት ድምፅ ራሱ በነዳጅ የሚከፈል ነው። ከዛ ጎማው ሲተልቅ ማርሹ ሁሉ እንደረዘመ ቁጠሩት፣ ሜዳ ላይ ሞተሩ በትንሹ ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ሰውዬው ያለው ይቺን ነው፣ ግን ከጅማ የትም ውጡ ዳገት ነው፣ ዳገት ላይ ደግሞ ማርሽ ትቀንሳላችሁ ነዳጅ ትረግጣላችሁ። ከተማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ አጂፕ እየቆሙ መሄድማ ባሰ።

“ከፍ ያደርጋታል” ያለውስ? 37 ሚሊሜትር ልዩነት ለሁለት፣ 18 ሚሊሜትር ገደማ! አንድ ጣት ነው። የዴዶን ድንጋይ በአንድ ጣት አታልፉትም።

ሌላው ያናደደኝ፣ “አዲስ” ተብሎ የተሸጠልኝ ጎማ ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሁፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች 1418 ናቸው፣ በ2018 በፈረንጅ 14ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ እዩት፣ ልኩን ደግሞ በሹፌሩ በር ላይ ካለው ስቲከር ጋር አስተያዩት። አንዴ ከተገጠመ በኋላ የሚሰጣችሁ መልስ “የተነዳ ጎማ አይመለስም” ነው፣ ለኔም የተሰጠኝ እሱ ነው።

215/70 በ16 ጅማ ውስጥ የት እንዳለ የምታውቁ ጠቁሙኝ። እነዚህን አራቱን ደግሞ ለፒክአፕ የሚፈልግ ካለ በቅናሽ እሰጣለሁ፣ ነዳጅ ይቆጥባሉ ግን አልልም።