የኤልኢዲ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ በጅማ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህን ማይክሮስኮፕ (በናሙናው ላይ ያለው ቀለም ብርሃን ሲያርፍበት በሌላ ቀለም ሲያበራ፣ ማለትም ፍሎረሰንስን፣ የሚያሳየውን) በራሴ ገንዘብ ከገዛሁት ወራት ተቆጥረዋል፤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን ያልጠበቅሁት አንድ ነገር ነው። ብሊዮማይሲን በተባለው ዲኤንኤ በጣሽ መድኃኒት በተነከረ የባቄላ ሥር ጫፍ ውስጥ፣ ዲኤንኤ በተበጠሰበት ቦታ የሚሰበሰቡትን ፕሮቲኖች ፎቶ እያነሳሁ ሳለ መብራት እንደ ክረምት ልማዱ ሄደ። ሲመለስ ቁልፉን ተጫንሁ፤ ያው ኒውክለስ ከነአረንጓዴ ነጥቦቹ ወዲያውኑ ታየኝ። በኤልኢዲው ፋንታ የተለመደው የሜርኩሪ መብራት ቢሆን ኖሮ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ ከበራም በኋላ ብርሃኑ እስኪረጋ ድረስ ጊዜ ማባከን ግድ ይሆን ነበር።

ነጥቦቹ ቀላል ነገር አይደሉም። ሁለቱም የዲኤንኤ ገመዶች ሲበጠሱ ኤቲኤም የተባለው ኢንዛይም በአካባቢው ባሉት፣ ዲኤንኤ በሚጠመጠምባቸው የኤችቱኤኤክስ ፕሮቲኖች ጭራ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ፎስፌት ይለጥፋል። አንዱ ፕሮቲን ብቻውን በእኔ መሣሪያ አይታይም፤ ብዙዎቹ በአንድ ስፍራ ሲከማቹ ግን ፎስፌት የተለጠፈበትን ጭራ ለይቶ የሚይዝ፣ ፍሎረሰንስ ቀለም የተያያዘበት አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) ያጎላቸዋል። ዘግይቶ የሚደርሰው ራድ51 የተባለው የጥገና ፕሮቲን ደግሞ የተገለጠውን ነጠላ ገመድ ሸፍኖ፣ ለጥገናው አብነት የሚሆን ያልተጎዳ ቅጂ ይፈልጋል። ከቅጠል ይልቅ ሥር የምመርጠው የቅጠሉ ክሎሮፊል ራሱ ቀይ ስለሚያበራ ነው።

ሻጩ «ኤልኢዲ ደካማ ነው፤ ለምርምር ሜርኩሪ ይሻልዎታል» ብሎኝ ነበር። መልሴ ይህ ነው፦ ሜርኩሪ ኃይሉን የሚያፈሰው በ365፣ በ405፣ በ436፣ በ546 እና በ578 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ሲሆን፣ የእኔ አረንጓዴ ቀለም የሚፈልገው ደግሞ 490 ገደማ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ሜርኩሪው የሚሰስተው እዚያው ላይ ነው። የእኔ ሰማያዊ ኤልኢዲ ጉልበቱ 470 አካባቢ በመሆኑ ለነጥቦቹ ይበቃል። የሜርኩሪ አምፖል በአብዛኛው ከ200 እስከ 300 ሰዓት አገልግሎ ይለወጣል፤ ምትኩን ጅማ ድረስ ማስመጣት ምን እንደሚያስከትል ሻጩ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። እርጥበቱ ሌንስ ላይ ሻጋታ ስለሚያበቅል ሌንሶቹን ከሲሊካ ጄል ጋር በተዘጋ ሳጥን አስቀምጣለሁ።

ያወጣሁት ገንዘብ ፈጽሞ አይቆጨኝም። ለተመሳሳይ ሥራ የሚገዛ ሰው አንቲቦዲውንም አብሮ ያስብበት፤ የሰው ኤችቱኤኤክስ ጭራ ታይሮሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ሲያበቃ የዕፅዋቱ በሌላ፣ በፌኒልአላኒን ስለሚያበቃ፣ ለዕፅዋት ተብሎ የተዘጋጀውን ቢጠይቅ ይሻለዋል።