እንግሊዝኛ ልትማሩ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የምትገቡ፣ መጀመሪያ አስተማሪው ማን እንደሆነ ጠይቁ

ሁለት ሴሚስተር ሙሉ እንግሊዝኛ ብቻ ተማርኩ። እዚህ አሜሪካ፣ በረዶው ሚያዝያም ላይ የማይለቅበት ስቴት ውስጥ፣ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ። ስሙን አልጠራም። ከምጽፈው ውስጥ ወቀሳ አለበት፣ ዲግሪዬንም እዚያው ነው የምቀጥለው።

ፕሮግራሙ ኢንተንሲቭ ኢንግሊሽ ይባላል። የቋንቋ ውጤታችሁ ለዲግሪ ካልበቃ መጀመሪያ እዚህ ያስገቧችኋል። ኤፍ ዋን በሚባለው የተማሪ ቪዛ የመጣ ሰው በሳምንት ቢያንስ 18 ሰዓት ክፍል መቀመጥ ግዴታው ነው። ክፍያው በሺዎች ዶላር ነው፣ የምትወስዱት ኮርስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለዲግሪው አይቆጠርም። እንግዲህ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚወጣው ፊት ለፊታችሁ ቆሞ ለሚያስተምረው ሰው ነው። እኔ ከመመዝገቤ በፊት ሪቪው ስፈልግ ያገኘሁት ግን ስለ ዶርሙ፣ ስለ ጂሙ፣ ስለ ካፌው ፒዛ ብቻ ነበር። ስለ አስተማሪዎቹ አንድም ቃል የለም። ስለዚህ እኔ ልጻፍ።

አመጣጤን ልንገራችሁና ፍረዱ። እንደ ብዙዎቻችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት። ፓሲቭ ቮይስ በሉኝ ኮንዲሽናል፣ ሕጉን እንደ ውዳሴ ማርያም እደግመዋለሁ። ቡና ለማዘዝ ወረፋ ላይ ስቆም ግን ላብ ያሰምጠኛል። አስተማሪ ማለት ለእኔ ፈረንጅ መሆን ነበረበት፤ ፈረንጅ ከሆነ አበቃ፣ ያውቃል። ይሄ ሐሳብ ሦስት ሳምንት አልቆየም።

ከራይቲንጉ ልጀምር፣ ምክንያቱም አሁንም ያናድደኛል። አስተማሪው እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ዶክትሬቱን የሚሠራ ሰው ነው። ጎበዝ አንባቢ ነው፣ ሲናገር አፍ ያስከፍታል፣ ክፉም ሰው አይደለም። የመጀመሪያ ጽሑፌን ሲመልስልኝ ኅዳጉ ላይ ሰባት ቦታ በቀይ "ኦክ" ብሎ ጽፎበታል። "ኦክዋርድ" የምትለዋ ቃል ማሳጠሪያ ናት፣ አይጥምም እንደማለት። ሄጄ "ይሄኛው ምኑ ነው ያልጣመው?" አልኩት። ዓረፍተ ነገሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበና "ዝም ብሎ እንዲህ አንልም" አለኝ። አለቀ። ለምን እንደማይሉት ራሱም አያውቀውም። እኛ "በላሁ" እና "በልቻለሁ" መቼ መቼ እንደሚባሉ ለፈረንጅ አስረዱ ብንባል ያው አይደል የሚገጥመን? አንዱን ትክክል አንዱን ስህተት ማለት እንችላለን፣ ምክንያቱን ግን ጭንቅላታችንን እያከክን ነው የምንፈልገው።

አሁን ወደ ግራመሯ አስተማሪ ልምጣ። ቱርክ ተወልዳ ያደገች ናት፣ እንግሊዝኛ የተማረችው እንደኔ ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያ ቀን አክሰንቷን ስሰማ፣ እውነቱን ልናገር፣ "ይህን ሁሉ ብር ከፍዬ ቱርክ ታስተምረኝ?" ብያለሁ በሆዴ። አጠገቤ የነበረው የሳዑዲ ልጅማ ሴክሽን ሊቀይር ቢሮ ድረስ ሄዷል። ሲክስ ዊክስ ሳይሞላ ቢሮዋ በር ላይ ወረፋ የሚይዘው እሱ ሆነ።

ምን አደረገች? እኔ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ይበላሽብኛል። አንድ ቀን አጠገቤ ተቀመጠችና "ይህችን በራስህ ቋንቋ ጻፋት" አለችኝ። "ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ" ብዬ ጻፍኩ። ከእያንዳንዱ ቃል ሥር ትርጉሙን በእንግሊዝኛ አስጻፈችኝ። ትናንት፣ የገዛሁት፣ መጽሐፍ። አየችውና ሳቀች። ከሥሩ በቱርክኛ ጻፈችው፤ እሱም ልክ እንደኛው፣ ትናንት፣ የገዛሁት፣ መጽሐፍ። "አየህ፣ አንተና እኔ ዕቃውን ከመጥራታችን በፊት ታሪኩን እንጨርሳለን። እነሱ መጀመሪያ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ታሪኩን ከኋላ ይቀጥሉበታል" አለችኝ። ስንት ዓመት ሬላቲቭ ክሎዝ (እንደ "የገዛሁት" ስምን የሚገልጸውን ሐረግ) ተማርኩ፣ የገባኝ ያን ዕለት ነው። አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም እኮ!

"ዘ" የምትባለዋንም ጣጣ እንዲሁ ነው የፈታችልኝ። "መጽሐፉ" ስል መጨረሻ ላይ ያለችው "ኡ" ምን እንደምትሠራ ጠየቀችኝና፣ እሷን በምትልበት ቦታ "ዘ" ብትል ብዙ ጊዜ ትድናለህ አለች። ሁልጊዜ አይሠራም። እኛ "ፀሐይ ወጣች" እንላለን፣ እነሱ ፀሐይንም "ዘ" ይሏታል። እሱንም ለብቻ መዝግበህ ያዝ አለችኝ። ኋላ ስጠይቃት በቴሶል ማስተርስ አላት፤ ማለት እንግሊዝኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪ እንዴት እንደሚያስተምሩ የሚማሩበት ዲግሪ ነው። አንዳንዱ አስተማሪ ደግሞ ሴልታ የሚባለውን ሰርተፊኬት ይዞ ይመጣል። ያ 120 ሰዓት ገደማ ነው፣ በውስጡ 6 ሰዓት እውነተኛ ተማሪ ፊት ቆሞ ማስተማር አለበት። መጥፎ አይደለም፣ ግን ከሁለት ዓመት ማስተርስ ጋር አንድ ሚዛን ላይ አታስቀምጡት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እንዲህ ያለውን የእንግሊዝኛ ኢንስቲትዩት አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ያቋቋመው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በ1941 እ.ኤ.አ.፣ መሪውም የቋንቋ ሳይንስ ሰው የነበረው ቻርልስ ፍራይስ። ከእሱ በኋላ ቦታውን የያዘው ሮበርት ላዶ አሜሪካ ይወለድ እንጂ ያደገው ስፔን ነው፣ እንግሊዝኛን የተማረው ሃያዎቹ ውስጥ ከገባ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ነው። ዲሲ ያላችሁ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲን ታውቁታላችሁ፣ ኋላ እዚያ የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ዲን ሆኗል። የሳዑዲው ልጅ ይህን ቢያውቅ ቢሮ ድረስ አይለፋም ነበር።

ፈረንጅ ሁሉ አይረባም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የስፒኪንጉ አስተማሪ ፈረንጅ ነው፣ ግን ሁለት ዓመት ኢትዮጵያ በፒስ ኮር አስተምሯል። የሰላም ጓድ የሚሉት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ በ1962 እ.ኤ.አ. ከመጡት ጀምሮ አባቶቻችን የሚያስታውሷቸው። የመጀመሪያ ቀን ስም ሲጠራ እኔ ጋ ሲደርስ "እንደምን አደርክ?" አለኝ። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ነበር፣ ግን ዕንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። "ገባህ?" ሲለኝ "እሺ" እላለሁ። ሌሎቹ አስተማሪዎች ገባው ብለው ያልፋሉ። እሱ "እሺ ማለት ገባኝ ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ በል አስረዳኝ" ይለኛል! አንድ ጊዜ ደግሞ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ "አዎ" ስል አንዷ የኮሪያ ልጅ አስም የተነሳብኝ መስሏት ውሃ ልታመጣ ተነሳች። እሱ ነው ለክፍሉ ያስረዳልኝ። ራሱ አማርኛ ሲማር "ጰ" እና "ጨ" ስንት ወር እንዳስለቀሱት ነግሮናል። ራሱ ቋንቋ ለመማር ያልተሰቃየ አስተማሪ የተማሪን መንተባተብ እንደ ስንፍና ያየዋል።

አራተኛዋ የፕሮናንሲዬሽን አስተማሪ ነበረች። ችሎታዋ ጥሩ ነው፣ "ስኩል" ስንል ከቃሉ ፊት "እ" የምንጨምረውን በሁለት ሳምንት አስጥላኛለች። ግን አጀንክት ናት፣ በኮርስ ነው የሚከፈላት፣ ሦስት ኮሌጅ ታስተምራለች። ቢሮ የላትም። ጥያቄ ካላችሁ ፓርኪንግ ድረስ አብራችሁ እየሮጣችሁ ነው የምትጠይቁት፣ እሷም የመኪናዋን በር ከፍታ አንድ እግሯን አስገብታ ነው የምትመልሰው። ይሄ የእሷ ጥፋት አይደለም፣ የቀጠራት ነው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለፕሮግራሙ ከ5 ኮከብ 3 እሰጣለሁ። ለቱርኳ ቢፈቀድ 6። በዲቪ የመጣችሁና ቪዛ የማያስገድዳችሁ መጀመሪያ በአካባቢያችሁ ያለውን ኮሚኒቲ ኮሌጅ እዩ፣ በጣም ይረክሳል፣ ተመሳሳይ ማስተርስ ያላቸው አስተማሪዎችም እዚያ አሉ። በኤፍ ዋን የምትመጡ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት የፕሮግራሙን ድረ ገጽ ከፍታችሁ የአስተማሪዎቹን ዝርዝር አንብቡ። ምን ተማሩ? የት አስተማሩ? ሌላ ቋንቋ ይችላሉ? ስንቶቹ ቋሚ ናቸው? ዝርዝሩ ከሌለ ኢሜይል ጻፉ። ኢሜይሉን የሚመልስላችሁ ከጠፋ ያው መልስ ነው።

የታናሽ እህቴ ተራ ደርሷል፣ ለመስከረም እዚሁ ልትገባ ነው። ትናንት ማታ የሴሚስተሩን ስኬጁል አብረን ከፈትን። የግራመሩ አስተማሪ ስም ላይ ቱርኳ አለች፣ እሰይ። የራይቲንጉ ስም ላይ ግን የሚለው "ስታፍ" ብቻ ነው፣ የሰው ስም የለም። ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ኢሜይል ልከናል።